ኦሺን የቻለችውና ያልቻለችው

ማታ ድራማው ሲያልቅ ነገሩ ያበቃ ይመስላል። ልጆች ወደ መኝታቸው ይሄዳሉ፤ እናት የቀረውን ዕቃ ለማነሣሣት ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ቴሌቪዥኑም ይዘጋል። ቃሉ ግን አይዘጋም። በማግሥቱ ጠዋት በአውቶቡስ ሠልፍ ላይ አንዲት ሠራተኛ ተዋናይዋ የተናገረችውን ለባልደረባዋ ትደግምላታለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው ንግግር ከቡናው ጋር ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ግን ወሬው ስለ ተዋናይዋ መሆኑ ቀርቶ ስለ ጎረቤት ትዳር፥ ስለ አማትና ምራት፥ ስለ ልጅ ትምህርት ይሆናል። «ያቺ እንኳ ያን ሁሉ ችላ የለም እንዴ!» ትላለች አንዷ። ሌሎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ለመሆኑ ከድራማ የሰማነውን ቃል ወደ ገዛ ኑሯችን ስናመጣው ምን ይሆናል? ይደግፈናል ወይስ ያስረናል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከአገራችን ጥቂት ራቅ ብለን፥ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ተመልካች ካገኙት ድራማዎች መካከል አንዱን እንመልከት። ድራማው የጃፓን ሲሆን ስሙም «ኦሺን» ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ ጆንያ ሩዝ

«ኦሺን»ን የደረሰችው ሱጋኮ ሃሺዳ የተባለች ሴት ናት። ድራማው በጃፓኑ ብሔራዊ የማሠራጫ ድርጅት በኤን ኤች ኬ ከሚያዝያ 1983 እስከ መጋቢት 1984 ታየ። ክፍሎቹ 297 ሲሆኑ እያንዳንዱ የሚፈጀው 15 ደቂቃ ብቻ ነበር። ጠዋት ቤተሰቡ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ሲሰናዳ ይታያል፤ በምሳ ሰዓት ደግሞ ይደገማል። የተመልካቹ ቁጥር በአማካይ 52.6 ከመቶ፥ ከፍ ሲል ደግሞ 62.9 ከመቶ ደርሶ እንደነበር ተመዝግቧል። ከዚያም በኋላ ድራማው ከ60 በሚበልጡ አገሮች ታይቷል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1983 ነው። አሮጊቷ ኦሺን ብዙ ሱፐርማርኬቶች ያሉት የአንድ ንግድ ቤት እናት ናት። 17ኛው መደብር በሚከፈትበት ዕለት ግን ለማንም ሳትናገር ከቤቷ ትጠፋለች። ወደ ልጅነት አገሯ ተጉዛ ሕይወቷን ወደ ኋላ ማየት ትጀምራለች።

ኦሺን በ1901 በያማጋታ ገጠር ከድኃ ጭሰኛ ቤተሰብ ተወለደች። የቤተሰቡ ምግብ በፍጅል የተበራከተ ጥቂት ሩዝ ነበር። ገና በ7 ዓመቷ አባቷ ለአንድ ዓመት በሕፃን አዝይነት ለአንድ እንጨት ነጋዴ አስቀጠራት። ዋጋዋ አስቀድሞ ተከፈለ፤ እሱም አንድ ጆንያ ሩዝ ነው። በክረምቱ በረዶ ከግንድ በተጋመደ ታንኳ ላይ ተቀምጣ በሞጋሚ ወንዝ ስትወሰድ፥ ከወንዙ ዳር ወደ ቀረችው እናቷ «እናቴ!» እያለች ትጣራለች። ከድራማው ንግግሮች ሁሉ በሰው ልብ ይበልጥ የቀረው ይህ አንድ ቃል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እናት የሆነ ሰው ሁሉ ያንን ጥሪ ለመረዳት ጃፓንኛ ማወቅ አላስፈለገውም።

በእንጨት ነጋዴው ቤት ኦሺን ሕፃን አዝላ ውኃ ትቀዳለች፤ ታጥባለች፤ ትሰደባለች። በመጨረሻም ገንዘብ ሰረቅሽ ተባለች። የተገኘባት ሳንቲም አያቷ ለክፉ ቀን ብለው የሰጧት ነበር፤ የሚያምናት ግን አልተገኘም። ከዚያ ቤት ወጥታ በበረዶ ውስጥ ስትሄድ ወደቀች። ሕይወቷን ያተረፈው ከጦር ሠራዊት የከዳ አንድ ወታደር ነው። እሱም በተሸሸገበት ተራራ ላይ ፊደል አስቆጠራት፤ ጦርነት ክፉ መሆኑንም ነገራት። ኋላም በሳካታ ከተማ በአንድ ሩዝ ነጋዴ ቤት ስትቀጠር፥ የቤቱ ትልቅ እመቤት የልጅቱን አእምሮ አይተው ጽሕፈትና ሒሳብ አስተማሯት።

ተመልካቹ የወሰደው ቃል

እንግዲህ ይህን ያህል ሰው ድራማውን ሲያይ ለኑሮው የሚሆነውን ቃል መውሰዱ አልቀረም። የሚያስገርመው እያንዳንዱ አገር የወሰደው የተለያየ መሆኑ ነው።

በጃፓን «ኦሺን» ማለት ቻይ፥ ታጋሽ ማለት ሆነ። በዚያው በ1983 ታካኖሳቶ የተባለ የሱሞ ታጋይ የስኳር በሽታውን ተቋቁሞ በ30 ዓመቱ የስፖርቱን ከፍተኛ ማዕርግ ሲያገኝ፥ ሕዝቡ «ኦሺን ዮኮዙና» ብሎ ሰየመው። ዮኮዙና የማዕርጉ ስም ነው። የድኃ ልጅ ስም የጀግና ቅጽል ሆነ ማለት ነው።

ኢራን ውስጥ ድራማው የታየው በ1980ዎቹ ነው፤ ዘመኑም ኑሮ የከበደበት የጦርነት ጊዜ ነበር። ኦሺን ካገባች በኋላ የቤተሰቧ ስም ታኖኩራ ይባላል፤ ከብዙ ሥራዎቿም አንዱ ልብስ መሸጥ ነበር። ኢራናውያን ይህንኑ ስም ወስደው የሰልባጅ ልብስ መሸጫን «ታናኩራ» አሉት። ቃሉ እስከ ዛሬ በገበያ ላይ ይነገራል።

በቪዬትናም ደግሞ በ1990ዎቹ ድራማው ሲታይ፥ ሰዉ የቤት ሠራተኛን «ኦሺን» ብሎ መጥራት ጀመረ። ይህም መደበኛ የመንገድ ቃል ሆኖ ቀረ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያቺ ፊደል ቆጥራ፥ ነግዳ፥ ብዙ መደብር የከፈተች ሴት፥ ስሟ ግን በ7 ዓመቷ በነበረችበት ቦታ ላይ ቀረ። ተመልካቹ ከረጅሙ ታሪክ ለራሱ ኑሮ የሚመቸውን ቁራጭ ቆርጦ ወስዷልና።

ያልታየው ግማሽ

በጃፓንኛ «ኦ» ለሴት ስም የሚጨመር የአክብሮት ድምፅ ሲሆን ስሟ «ሺን» ነው። ይህ ድምፅ እንደ አጻጻፉ ልብ፥ እውነት፥ እምነት፥ አዲስ ሊባል ይችላል። ትዕግሥት የሚለውም ቃል በዚሁ ድምፅ ይጀምራል። ሕዝቡ ከእነዚህ ሁሉ መርጦ ትዕግሥትን ብቻ ያዘ። በ2021 በ95 ዓመቷ ያረፈችው ደራሲ ሃሺዳ ግን ዓላማዋ ትዕግሥትን ማወደስ ብቻ አልነበረም፤ የበለጸገው የጃፓን ሕዝብ በመንገድ ላይ ምን እንደጣለ ራሱን እንዲጠይቅ ትፈልግ ነበር።

ደግሞስ ታሪኩን አስተውሎ ለተከታተለ፥ ኦሺን ሁሉን ነገር ችላለች ወይ? አልቻለችም። ረኃቡን ችላለች፤ ብርዱንና የሥራውን ክብደት ችላለች። ሌባ ስትባል ግን ያን ቤት ጥላ ወጣች። በወጣትነቷ አባቷ ወደ መጠጥ ቤት ሥራ ሊልካት ሲያስብም እሺ አላለችም፤ ቶኪዮ ሄዳ የፀጉር ሥራ ተማረች። እንደገና በ1923 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ እሷና ባሏ የሠሩትን ካወደመ በኋላ፥ ሳጋ በሚባለው አገር ወደ ባሏ ወላጆች ቤት ገባች። እዚያ የአማቷ ጭካኔ እጅግ የከፋ ነበር፤ በእርግዝናዋ ጊዜ እንኳ ዕረፍት ስላላገኘች የወለደችው ሕፃን ሞተ። ከዚህ በኋላ የቀረ ልጇን ይዛ ከዚያም ቤት ወጣች። በመጨረሻም ዓሣ እየሸጠች ኑሮዋን መሠረተች።

ስለዚህ ኦሺን ሥራን ቻለች እንጂ ውርደትን አልቻለችም። በደረሰችበት ሁሉ አንድ ነገር ትማራለች፤ ስትወጣም የተማረችውን ይዛ ትወጣለች። የቻለችውና ያልቻለችው አብረው ካልታዩ ታሪኳ ግማሽ ነው።

ቡና ላይ የተናገርኩት

ይህን የምጽፈው ሌሎችን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱን እኔም አድርጌዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ጎረቤት ነበረችኝ። አንድ ቀን ቡና ላይ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ስኒውን እያጠበችልኝ፥ «እትዬ፥ ቤቴ ከብዶኛል» አለችኝ። ምን እንደከበዳት አልጠየቅኋትም። በዚያ ሰሞን ሁላችንም የምንከታተለው አንድ ድራማ ነበር። እዚያ ላይ አንዲት እናት ልጇን በትዳሯ ታግሣ እንድትኖር ስትመክር አይተን አልቅሰን ነበር። እኔም ያንኑ ምክር አንሥቼ፥ «ቻይው እንጂ፤ ያቺ እናት ያለችውን አልሰማሽም? ሁሉም ያልፋል» አልኳት። ጎረቤቴ ፈገግ ብላ ስኒዎቹን ረከቦቱ ላይ ደረደረችና ሄደች። ከዚያ ወዲያ ስለ ቤቷ አንድም ቃል አልነገረችኝም።

ከወራት በኋላ እናቷ መጥተው ወሰዷት። ባሏ ይደበድባት እንደነበር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ያን ዕለት ልትነግረኝ የመጣችው ይህንኑ ነበር። እኔ ግን የሷን ነገር ሳልሰማ የተዋናይቱን ቃል ሰጠኋት። እነሆ እስከ ዛሬ «ቻይው» የሚለውን ቃል ስሰማ የምታየኝ ያቺ ስኒ የምትደረድር ልጅ ናት።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይባላል። በድራማ ውስጥ የተነገረ ምክር ለዚያ ታሪክ የተሰፋ ልብስ ነው። ደራሲው የትዕግሥቷን ዋጋ በመጨረሻው ክፍል እንደሚከፍላት ያውቃል፤ ለጎረቤታችን ግን የመጨረሻውን ክፍል የጻፈላት የለም። ከዚህም ሌላ በአገራችን ሕግም አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የአካል ጉዳት በወንጀል ያስጠይቃል። ድህነት ሊቻል ይችላል፤ የልጆች ለቅሶና የአማት ወቀሳም ሊቻል ይችላል። ዱላ ግን የሚቻል ነገር አይደለም።

ከጓዳው በር ላይ ሆና የምታየው

አንድ ሌላ ተመልካችም አለች፤ ብዙ ጊዜ እንረሳታለን። እኛ ሶፋው ላይ ሆነን ስለ ኦሺን ዐይነቷ ልጅ ስናለቅስ፥ ሰሐን ይዛ ከጓዳው በር ላይ ቆማ የምታይ ልጅ በየቤታችን አለች። ከገጠር መጥታለች፤ ደመወዟን ምናልባት ወላጆቿ ይቀበሉላታል። ለድራማዋ ልጅ እንባችንን አፍስሰን ስናበቃ፥ «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ዕቃውን አታጥቢም?» እንላታለን። ታዲያ ይህች ልጅ ከዚያ ድራማ የምትወስደው ቃል የቱ ይሆን? በእውነት ለእሷ ከመቻል ይልቅ የሚያስፈልጋት የሳካታዋ እመቤት ያደረጉላት ነገር ነው። እሱም ደብተርና እርሳስ፥ የማታ ትምህርትም የምትሄድበት ሰዓት ነው።

ከዚህ በላይ የተባለው ድራማ አንይ ለማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ በቢሮና በፋብሪካ ደክማ ለምትገባ እናት ያቺ አንድ ሰዓት ዕረፍቷ ናት፤ ከልጆቿም ጋር የምትቀመጥባት ጊዜ ናት። ደግሞም አንድ ጥሩ ንግግር ለሰው ብርታት ይሰጣል። በችግር ላይ ያለች እናት «ኦሺንም በፍጅልና በሩዝ ነው ያደገችው» ብላ ልቧን ብታጽናና ምን ክፋት አለው? ራሳችን ለራሳችን የምንወስደው ቃል ስንቅ ይሆነናል። ጥንቃቄ የሚያሻው ቃሉን ለሌላ ሰው ስንሰጥ ነው።

ስለሆነም እኅቶች፥ ሁለት ነገር ብናደርግ መልካም ነው። አንደኛ፥ ድራማው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ዘግተን ልጆቻችንን፥ የቤት ሠራተኛችንንም ጨምረን፥ «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ልጅ ከተዋናዩ አፍ ቃል መቅዳት ብቻ ሳይሆን ማመዛዘንንም የሚለምደው በዚህ ነው። ሁለተኛ፥ አንዲት ሴት ችግሯን ልትነግረን ስትመጣ፥ ከድራማ የሰማነውን ከማቅረባችን በፊት «ምንድን ነው የከበደሽ?» ብለን እንጠይቃት። ከጠየቅን በኋላ ነገሩ የሚቻል ከሆነ አብረን እንቻለው፤ የማይቻል ከሆነም አብረን መውጫውን እንፈልግ።

ያቺ ጎረቤቴ ዛሬ ሌላ ሰፈር ትኖራለች፤ ልብስ ሰፊ ሆናለች። ባለፈው በዓል ልጠይቃት ሄጄ ቡና አፈላችልኝ። በዚህ ጊዜ እኔ ዝም ብዬ አዳመጥኋት።