የወጣት ባዝራዎች ሩጫ በአስኮት

በኦሞና በአኮቦ ወንዞች ቆላ ገንዲ የሚያስይዘው ዝንብ ፈረስን ስለማያኖር፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና ጥላ ሥር ላደግን ሰዎች ፈረስ በዓይን ከሚታይ ይልቅ በታሪክ የሚሰማ ፍጥረት ነው፤ የሰማነውም የወንዱ ፈረስ ታሪክ ነው። አጤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጤ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አጤ ምኒልክም አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ሲሆን፣ «እመ እገሊት» ተብሎ በባዝራው የተጠራ መኰንን ግን ከአበው አልሰማሁም።

ስለዚህ ባዝራ በገዛ እግሯ ስም የምታተርፍበትን ሩጫ ለአንባቢ ላስተዋውቅ እወዳለሁ፤ ይኸውም ንግሥት አን በ1711 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመሠረቱት በእንግሊዙ የአስኮት ሜዳ፣ በየዓመቱ በሰኔ የሚደረገው የንግሥት ሜሪ ሽልማት ነው። ሩጫው በ1921 ሲጀመር ስሙን ያገኘው ከንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ባለቤት ነው። የሚገቡበት የሁለት ዓመት ባዝራዎች ብቻ ናቸው፤ መንገዱም ከ1 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ ቀጥ ያለ፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ የሚያልቅ ስለሆነ፣ ጋላቢው ጉልበት ቆጥቦ ኋላ እደርሳለሁ የሚልበት ፋታ የለውም።

የዚህን ሩጫ ክብር ከሁሉ ይልቅ የምትገልጸው ሙምታዝ ማሃል ናት። የኢስማዒሊያ ሙስሊሞች መሪ አጋ ካን 3ኛ ይህችን ነጠብጣብ ያለባት ግራጫ ውርንጭላ በ1922 በ9,100 ጊኒ ገዝተው፣ ታጅ ማሃል በተሠራላት እቴጌ ስም ጠሯት፤ በማግሥቱም ዓመት በአስኮት ተከታይዋን በ10 ፈረስ ርዝመት ጥላ ገባች። ዳሩ ግን ትልቁ ሥራዋ ከሩጫው በኋላ የመጣው ነው፤ በ1936 ደርቢ የተባለውን የእንግሊዝ ሩጫ ያሸነፈው ማሕሙድና በአሜሪካ ስመ ጥር አባት የሆነው ናስሩላህ ሁለቱም የሴት ልጆቿ ልጆች ናቸውና። የፈረስ አርቢዎች ለዚህች አንድ ደቂቃ ሩጫ ይህን ያህል የሚጨነቁት ስለዚህ ነው፤ ያሸነፈችው ነገ እናት ትሆናለች።

በ2003 ያሸነፈችው አትራክሽን ደግሞ የፊት እግሮቿ ጠማማ ስለነበሩ ገዢ አታገኝም የተባለች ነበረች፤ በተከታዩም ዓመት «1000 ጊኒ» የተባለውን ታላቅ ሩጫ ወሰደች። የሰው ዓይን በእንስሳ ላይ የሚፈርደው ፍርድ ሁልጊዜ እንደማይጸና ከእርሷ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

እኛም ማኅበረ ፈረሰኞች አሉን። በአዊ ምድር በ1932 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ የዓድዋን ፈረሶች ውለታ እያሰበ ጥር 23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በጉግስና በሽምጥ ግልቢያ በዓሉን ያከብራል። የተከበራችሁ ፈረሰኞች ሆይ፣ ለአገራችን ፈረስ ዕድገት የሚስማማው ዕድሜ ተወስኖ፣ በዚያ በተቀደሰ ቀን ለወጣት ባዝራዎች ብቻ የተለየች አንዲት ሩጫ ትሰጡልን ዘንድ እለምናለሁ፤ ያሸነፈችውም ከነእናቷ ስም በመዝገብ ትጻፍ።