ሁለት ዲስኮችና አንድ መደርደሪያ

ኡድ ሜታ በዱባይ ክሪክ አቅራቢያ፣ በቡር ዱባይ ወገን የሚገኝ ሠፈር ነው። ራሺድ ሆስፒታል፣ የቅድስት ማርያም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ የበረዶ መንሸራተቻ ያለው አል ናስር ሌዠርላንድና በርካታ ትምህርት ቤቶች እዚያው ናቸው። በውስጡ የለንደኑ ታወር ድልድይ አምሳያ የነበረው ላምሲ ፕላዛ ከ1997 አንሥቶ ለሃያ ዓመት ያህል የቤተሰብ መገበያያ ሆኖ ቆይቷል፤ በፒራሚዱ የሚታወቀው ዋፊ ሞልም ጎረቤቱ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ጥቂት ሲጓዙ የኮምፒውተር ሱቆች የተሰለፉበት የኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የታወቀው የአል ፋሂዲ ጎዳና ይገኛሉ። ከ2006 እስከ 2008 ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚህ አካባቢ ይኖር የነበረና ፊልምን ከዲቪዲ በላቀ ጥራት ማየት የፈለገ ሰው አንድ ከባድ ጥያቄ ነበረበት፦ ብሉሬይ ይግዛ ወይስ ኤችዲ ዲቪዲ? ከየትስ ይግዛ? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደ ዋና፣ ሁለተኛውን እንደ ተከታይ ያየዋል። እኔ ግን ሁለተኛው ይቀድማል እላለሁ። የሁለቱ ዲስኮች ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ የአዲስ ዕቃ የመጀመሪያ ገዢ ዕጣው በዕቃው ጥራት ከሚወሰነው ይልቅ በገዛበት መደርደሪያ የሚወሰነው ይበልጣል።

መጀመሪያ ዲስኮቹን እንተዋወቅ። ሁለቱም በስፋታቸው ከተራው ሲዲ አይለዩም፤ ሁለቱም የሚነበቡት 405 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሌዘር ነው። የዲቪዲ ቀይ ሌዘር 650 ናኖሜትር ስለሆነ የሚያነባቸው ምልክቶች ትልልቅ መሆን ነበረባቸው፤ አዲሱ ሌዘር ግን ቀጭን በመሆኑ በዚያው ስፋት ላይ ብዙ እጥፍ መረጃ ማስፈር ተቻለ። ልዩነታቸው ያለው መረጃው በተቀመጠበት ጥልቀት ላይ ነው። ቶሺባና ኤንኢሲ ያቀረቡት ኤችዲ ዲቪዲ መረጃውን እንደ ዲቪዲ 0.6 ሚሊሜትር ከሚሆን ሽፋን በታች ስለሚያስቀምጥ፣ የነባሮቹ የዲቪዲ ፋብሪካዎች መሣሪያ በጥቂት ማስተካከያ ሊያመርተው ይችል ነበር። ሶኒና አጋሮቹ በየካቲት 2002 ያስተዋወቁት ብሉሬይ ደግሞ ሽፋኑን ወደ 0.1 ሚሊሜትር አሳነሰው፤ በዚህም በአንድ ንብርብር 25፣ በሁለት ንብርብር 50 ጊጋባይት ያዘ። ተፎካካሪው የሚይዘው 15 እና 30 ነበር። አንዱ በርካሽ ዋጋ ለመመረት፣ ሌላው ብዙ ለመያዝ የተነደፉ ናቸው ማለት ይቻላል።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። የቶሺባ የመጀመሪያ ማጫወቻ በሚያዝያ 2006 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ 499 ዶላር ነበር፤ ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 ገደማ የተሳሰረ ስለሆነ ይህ 1,830 ድርሃም ያህል ይመጣል። በሰኔ የተከተለው የሳምሰንግ ብሉሬይ 999 ዶላር፣ ማለትም ወደ 3,670 ድርሃም ነበር። ይህን ያህል የሚያወጣ ሰው ዱባይ ውስጥ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው የተመዘገበው ወኪል ነው። በኤምሬትስ ሕግ የአንድን ብራንድ ዕቃ የሚያስገባ ወኪል መብቱ የተጠበቀ ነው፤ የሶኒ ዕቃ በጃምቦ ኤሌክትሮኒክስ፣ የቶሺባ በአል ፉታይም በኩል ነበር የሚመጣው። ከወኪሉ የገዛ ሰው ጋራንቲ አለው፣ ሶኬቱ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ይገጥማል፣ ሲበላሽ የሚወስድበት ቦታ ያውቃል። ሁለተኛው መንገድ ከአሜሪካ ማስመጣት ነው። የአራሜክስ ሾፕ ኤንድ ሺፕ አገልግሎት ለደንበኛው አሜሪካ ውስጥ አድራሻ ስለሚሰጠው፣ ኡድ ሜታ ቁጭ ብሎ ከአሜሪካ ሱቅ ማዘዝ ይቻል ነበር። ነገር ግን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ማጫወቻ ለ120 ቮልት የተዘጋጀ ሲሆን የዱባይ መስመር 220 ነው፤ ስለዚህ ትራንስፎርመር መግዛት ግድ ይላል፤ ቢበላሽም ጋራንቲው ውቅያኖስ ማዶ ቀርቷል።

የገዙበት ቦታ ኃይል በይበልጥ የሚታየው ግን በክልል ቁልፍ ላይ ነው። የፊልም ኩባንያዎች አንድ ፊልም በአንድ አገር ሲኒማ ቤት ገና ሳይታይ በሌላው አገር በዲስክ እንዳይሸጥ ዓለምን በክልል ከፋፍለዋታል። በዲቪዲ ዘመን ኤምሬትስ በክልል 2፣ ኢትዮጵያ በክልል 5 ነበሩ፤ ሕግ አክባሪው ገዢ ከዱባይ የገዛውን ኦሪጅናል ዲስክ አዲስ አበባ ይዞ ቢመጣ፣ ለኢትዮጵያ ክልል የተሠራ ማጫወቻ አልቀበልም ይለዋል ማለት ነው። ብሉሬይ ክልሉን ወደ ሦስት አሳነሰው፤ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ከአውሮፓ ጋር በክልል ቢ ተጠቃለሉ። ለሐበሻ ገዢ ይህ በጎ ዜና ነበር፤ ከዱባይ የተገዛ ማጫወቻ ጎጃምም ገብቶ ያው ክልል ነው። ይሁን እንጂ ዱባይ የብዙ ሕዝብ ከተማ ናት። ከሕንድ የመጣው ጎረቤቱ ከአገሩ የሚያስመጣው ዲስክ ክልል ሲ፣ ከፊሊፒንስ የመጣችው ባልደረባው የምታመጣው ክልል ኤ ነው። እንደ ፎክስ ያሉ ኩባንያዎች ዲስኮቻቸውን በክልል ሲቆልፉ፣ ዋርነር አብዛኞቹን ያለ ቁልፍ ያወጣ ነበር። በአንጻሩ ኤችዲ ዲቪዲ የክልል ቁልፍ አልነበረውም፤ ከኒውዮርክም ከቶኪዮም የመጣ ዲስክ ዱባይ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሰው ከየአገሩ ተሰባስቦ ለሚኖርባት፣ ነገ ጓዙን ጠቅልሎ ለሚሄድባት ከተማ ከዚህ የሚስማማ ዲስክ አልነበረም። ቢሆንም ያሸነፈው እሱ አልሆነም፤ ለምን እንደተሸነፈ ማወቅ የክርክሬ እምብርት ነው።

ብሉሬይ ያሸነፈው በጥራቱ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። 50 ከ30 እንደሚበልጥ አያከራክርም። ነገር ግን ዋርነር ለሁለቱም ወገን ፊልም ሲያወጣ በነበረበት ጊዜ ብዙ ጊዜ የተጠቀመው አንድ ዓይነት የተጨመቀ ምስል ነበር፤ በሁለቱም ዲስክ ላይ ያለው ፊልም ያው ከሆነ ዓይን ሊለየው አይችልም። ዋጋ ወሰነው የሚል ደግሞ ካለ፣ የዋጋው ማስረጃ ከእሱ በተቃራኒ ይቆማል። በኅዳር 2007 የአሜሪካው ዋልማርት የቶሺባን ማጫወቻ በ98.87 ዶላር ሸጧል፤ የብሉሬይ ማጫወቻ በዚያን ጊዜ ከዚህ በብዙ ይወደድ ነበር። ርካሹም፣ ቁልፍ የሌለውም፣ በምስሉ የማያንሰውም ዲስክ ተሸነፈ። ሁለቱንም የሚያጫውት መሣሪያ ቢኖርስ የሚሉ ነበሩ፤ ኤልጂ በ2007 መጀመሪያ ይህንኑ በ1,199 ዶላር አቅርቦ ነበር። ነገር ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ማጫወቻው ሁለቱን ቢያነብም ባለ ሱቁ ለሁለቱም ሰፊ መደርደሪያ ሊሰጥ አልቻለም።

ፍርዱን የሰጠው መደርደሪያው ነው። ሶኒ ብሉሬይ ማንበቢያውን በፕሌይስቴሽን 3 ውስጥ ሲያኖር ዲስኩን ጌም ወደሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አስገባው። ያ መሣሪያ በመጋቢት 23 ቀን 2007 ለአውሮፓና ለመካከለኛው ምሥራቅ ሲደርስ፣ ጌም ብሎ የገዛው ወጣት ሳያስበው የብሉሬይ ማጫወቻ ባለቤት ሆነ። ማይክሮሶፍት የኤችዲ ዲቪዲ ማንበቢያውን ለኤክስቦክስ 360 ያቀረበው ግን ለብቻው በ199 ዶላር የሚሸጥ ተጨማሪ ዕቃ አድርጎ ነው፤ ልዩ ፍላጎት ያለው ብቻ ፈልጎ የሚገዛው ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተደረመሰ። ጥር 4 ቀን 2008 ዋርነር ከብሉሬይ ጋር ብቻ እንደሚቀጥል አስታወቀ። በየካቲት 11 ያኔ ዲስክ በፖስታ ይልክ የነበረው ኔትፍሊክስና የአሜሪካው ቸርቻሪ ቤስት ባይ፣ በ15 ዋልማርት ወደ ብሉሬይ አደሉ። በ19 ቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲን ማቆሙን አወጀ፤ ብሉሬይ ከተዋወቀበት ዕለት ልክ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር። በእነዚያ ሳምንታት በዲስኩ ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም። የተለወጠው የሚሸጥበት ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ ኡድ ሜታ አልነበረም፤ የዱባዩ ገዢ የገንዘቡ ዕጣ ሲወሰን ድምፅ አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፦ ዲስክ ራሱ ያለፈበት ነገር ነው፤ ኔትፍሊክስ በኢንተርኔት ፊልም ማሳያ አገልግሎቱ በጥር 2016 ኤምሬትስም ኢትዮጵያም ገብቷል፤ የሞተን ጦርነት ማንሣት ለምን ያስፈልጋል? መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተሸናፊው ሐሳብ ከሞት ተነሥቷል። በ2016 የወጣው የ4ኬ ብሉሬይ ዲስክ የክልል ቁልፍ የለውም፤ ከየትም ቢገዛ የትም ይሠራል። ለስደተኛው ከተማ የሚስማማው ባሕርይ ትክክል እንደነበር አሸናፊው ራሱ መሰከረ። ሁለተኛ፣ ፍርዱን የሰጡት መደርደሪያዎች ዛሬ ራሳቸው እየተነቀሉ ነው። ኔትፍሊክስ ዲስክ በፖስታ መላኩን በመስከረም 2023 አቁሟል፤ ቤስት ባይም የፊልም ዲስክ መሸጡን በ2024 መጀመሪያ ትቷል። መደርደሪያው ሲጠፋ ግን ጥያቄው አልጠፋም። በኢንተርኔት የሚታይ ፊልምም እንደየአገሩ ይቆለፋል፤ ዱባይ ሳለ የታየው አዲስ አበባ ሲደርስ ላይገኝ ይችላል፤ ኩባንያው ሲያወርደው ደግሞ በእጅ የሚቀር ነገር የለም። ኤችዲ ዲቪዲ የገዛ ሰው ተሸናፊውን ቢይዝም፣ ማጫወቻው እስካልተበላሸ ድረስ ፊልሙ የእሱ ነው።

ይህ ለእኛ ሰው ቅርብ ጉዳይ ነው። ከዱባይ፣ ከሻርጃና ከአጅማን የሚመጣ ቴሌቪዥን፣ ስልክና ማጫወቻ የላኪው የወራት ድካም ነው፤ አገር ቤት ሲደርስም የቤተሰብ ኩራት ይሆናል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገዛ በካርቶኑ ላይ ያለውን የጥራት ቁጥር ማንበብ ቀላል ነው፤ ሻጩም በደስታ ይነግራል። ከዚያ በፊት መጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ ወኪሉ ማን ነው? ጋራንቲው የሱቁ ነው ወይስ የወኪሉ? በምን ያህል ቮልት ይሠራል? ለየትኛው አገር ተቆልፏል? አምራቹ ነገ ቢያቆም ዕቃው ብቻውን መሥራቱን ይቀጥላል? በ2006 የመጀመሪያዎቹን ማጫወቻዎች የገዙ ሰዎች ከሞኝነት የተነሣ አልከሰሩም፤ የምስሉን ጥራት በሚገባ ያውቁ ነበር። ያላወቁት፣ በዚያን ጊዜም ማንም ሊነግራቸው ያልቻለው፣ የማን መደርደሪያ እንደሚጸና ነበር። ከእነሱ በኋላ የምንገዛ ሁሉ ይህን ጥያቄ የወረስነው በእነሱ ወጪ ነውና ሳንጠይቅ ገንዘባችንን ባንቆጥር መልካም ነው።