የነፍሰ ጡር ከፍተኛ የደም ግፊት እና መድኃኒቶቹ

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከሌሎች የጤና ተቋማት የሚላኩ እናቶችን ይቀበላል። ከእነዚህም መካከል የደም ግፊታቸው በእርግዝና ምክንያት ያሻቀበ ይገኙበታል። ለመሆኑ የሚሰጧቸው መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራሉ? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እንመለከታለን።

በእርግዝና ወቅት የላይኛው ልኬት 160 ወይም የታችኛው 110 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ደርሶ ከቆየ፣ ግፊቱ ለሕይወት አስጊ ነው። በአንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ስለሚችል ሕክምናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጀመር ይኖርበታል።

የደም ግፊት የሚወሰነው ልብ በሚረጨው የደም መጠንና በትናንሽ የደም ቅዳ ቧንቧዎች ጥበት ነው። የቧንቧዎቹ ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ወደ ሴሎቹ ሲገባ ነው። በአፍ የሚወሰደው ኒፌዲፒን ይህንን መግቢያ ይዘጋል፤ ቧንቧውም ይሰፋል። በደም ሥር የሚሰጠው ሃይድራላዚን ጡንቻውን በቀጥታ ያላላል፤ ሆኖም የልብ ምትን ሊያፈጥን ይችላል። ላቤታሎል የአድሬናሊንን መልእክት በማገድ ቧንቧውን ያሰፋል፤ የልብ ምትንም ይገታል። በዚህም ምክንያት አስም ላለባት እናት አይመረጥም። ሜቲልዶፓ ደግሞ ከአንጎል ወደ ቧንቧዎቹ የሚተላለፈውን የማጥበብ ትእዛዝ ይቀንሳል።

በህንድ ናግፑር ከተማ በ2 ሆስፒታሎች 894 ነፍሰ ጡሮችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በአፍ የሚወሰዱትን ሦስቱን አነጻጽሯል። በ6 ሰዓት ውስጥ ያለ ጉዳት ግፊታቸው የተስተካከለላቸው እናቶች በኒፌዲፒን 84፣ በላቤታሎል 77፣ በሜቲልዶፓ 76 ከመቶ ነበሩ። ውጤቱ መርፌ ለመስጠት ለሚቸገሩ ጤና ተቋማት ትልቅ ትርጉም አለው።

ይሁን እንጂ ግፊቱን በአንድ ጊዜ እጅግ ዝቅ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ፅንሱ የሚመገበው በእንግዴ ልጁ በኩል በሚደርሰው የእናቱ ደም ስለሆነ፣ ግፊቱ ከመጠን በላይ ሲወርድ ይጎዳል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉት የታወቁ የግፊት መድኃኒቶችም የፅንሱን ኩላሊት ስለሚጎዱ በእርግዝና ጊዜ አይሰጡም።

ማግኒዚየም ሰልፌት ከእነዚህ የተለየ ነው፤ የሚሰጠው ግፊትን ለመቀነስ ሳይሆን ኤክላምፕሲያ የሚባለውን መንቀጥቀጥ ለመከላከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው፣ በ33 አገሮች የተካሄደው የማግፓይ ጥናት አደጋውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

መድኃኒቶቹ ጊዜ ይገዛሉ እንጂ የበሽታውን ሥር አይነቅሉም፤ ዋናው መፍትሔ መውለድ ነው። ከወሊድ በኋላም ቢሆን ግፊቱ ሊያሻቅብ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። ስለዚህ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከጎድን አጥንት በታች ሕመም የሚሰማት ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ሳትዘገይ ግፊቷን ትለካ ዘንድ እናሳስባለን።