የልብ ወለድ ረቂቅ ለአርታኢ ሲላክ

የአሜሪካ የአጫጭር ልብ ወለድ መጽሔቶች ከደራሲ የሚጠብቁት የረቂቅ መልክ የተወለደው በጽሕፈት መኪና ዘመን ነው። ዛሬ ታሪኩ በኮምፒዩተር ተጽፎ በኢንተርኔት ቢላክም፣ አርታኢው የሚከፍተው ገጽ ያኔ ጠረጴዛው ላይ ይከመር ከነበረው ወረቀት እምብዛም አይለይም።

የመጀመሪያውን ገጽ እንመልከት። ከላይ በግራ ጥግ የደራሲው ሕጋዊ ስም፣ አድራሻው፣ ስልኩና ኢሜይሉ ይሰፍራሉ። በቀኝ ጥግ የቃላቱ ብዛት ይጻፋል፤ 4,237 ከሆነ 4,200 ገደማ ይባላል። ከዚያ ገጹ እስከ እኩሌታው ድረስ ባዶ ይተውና ርእሱ መሀል ላይ ይቀመጣል። ከሥሩ የደራሲው ስም ይከተላል። የብዕር ስም ያለው ሰው የብዕር ስሙን የሚያኖረው እዚህ ነው፤ ቼኩ የሚጻፈው ግን ከላይ ባለው ስም ነው። ያ ባዶ ቦታ የወረቀት ብክነት ሊመስል ይችላል። ግን አርታኢው ለፊደል ለቃሚዎቹ መመሪያ ይጽፍበት ነበር።

በመስመሮቹ መካከል የአንድ መስመር ያህል ክፍተት የሚተወውም ለእርሳስ ነው፤ እርማቱ እዚያ ይገባል። ኅዳጉ በአራቱም በኩል 1 ኢንች ነው። ፊደሉ ደግሞ ኩሪየር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሃዋርድ ኬትለር ለአይቢኤም የጽሕፈት መኪና የቀረጸው። በኩሪየር እያንዳንዱ ፊደል እኩል ስፋት ስላለው በአንድ ኢንች 10 ፊደል ይገባል። ከኅዳጉ የተረፈው 6 ኢንች ተኩል 65 ፊደል ይይዛል፤ ይህ በእንግሊዝኛ ወደ 10 ቃል ነው። ገጹ 25 መስመር ስለሚወስድ 250 ቃል ይሆናል ማለት ነው። አርታኢው ገጹን ቆጥሮ ታሪኩ በመጽሔቱ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚወስድ ያውቅ ነበር። ይህን ስሌት ካወቅሁ በኋላ መልኩን እንደ ግዳጅ ማየት ትቻለሁ፤ እያንዳንዱ ደንብ ለአንባቢው ዓይንና እጅ የታሰበ ነው።

ትዕይንት ሲቀየር መሀል ላይ የ# ምልክት ይደረጋል፤ በአራሚዎች ቋንቋ «እዚህ ክፍተት ይግባ» ማለት ነው። ሰያፍ እንዲሆን የሚፈለገው ቃል ከሥሩ ይሰመርበት ነበር።

ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ አናቱ ላይ የቤተሰብ ስም፣ ከርእሱ አንድ ሁለት ቃልና የገጽ ቁጥር ይሰፍራል። ወረቀቶቹ በስቴፕለር ስለማይያዙ፣ ቢበተኑ የሚሰበሰቡት በዚህ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአባት ወይም የአያት ስም እንጠቀማለን። የትኛውም ቢሆን፣ አንዱን መርጦ በፓስፖርትም፣ በባንክም፣ በረቂቅም ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መጠቀም ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

አሜሪካዊው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ዊሊያም ሹን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይህን ሁሉ ራሱ ደንቡን ጠብቆ በተጻፈ ናሙና ሲያስተምር ቆይቷል። ብዙ መጽሔቶች ደራሲዎችን ወደ እሱ ናሙና ይመራሉ። ሹን ቆየት ብሎ ታይምስ ኒው ሮማንና ሰያፍ ፊደል የተፈቀዱበት አዲስ ናሙናም ጨምሯል።

አንዳንድ መጽሔቶች ግን ስም የሌለበት ረቂቅ ብቻ ያነባሉ። ስለዚህ ታሪክዎን ከመላክዎ በፊት የመጽሔቱን መመሪያ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ እዚህ ከተጻፈው ጋር ከተጋጨ የእነሱን ይከተሉ።