የሰሜን ወሎ ሰማይና የዘገየው ቴሌስኮፕ

የእንጦጦ የሥነ ፈለክ ማዕከል በ2007 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ቀጣዩና እጅግ የሚልቀው ቴሌስኮፕ በላሊበላ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ እንደሚተከል ተነግሮ ነበር። ወልድያ በስማቸው ስታዲየም ያላት ሼህ መሐመድ አላሙዲ ለእንጦጦ ገንዘብ ሰጥተው፣ የአንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። የላሊበላው ግን እስከ ዛሬ በወሬ ቀርቷል።

የቀረው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት የግዙፍ ከዋክብትን አወላለድ ማየት ይበቃል። ከፀሐይ ስምንት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብዱ ከዋክብት ጥቂት ናቸው፤ ዕድሜያቸውም አጭር ነው። ፀሐይ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስትኖር፣ እነርሱ በሚሊዮኖች በሚቆጠር ዓመት ነድደው ይፈነዳሉ። የምንተነፍሰው ኦክስጅን አብዛኛው የተሠራው በእነርሱ ሆድ ውስጥ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የመጠቀው የአውሮፓውያን ሄርሼል የጠፈር ቴሌስኮፕ፣ ከዋክብት የሚጸነሱባቸው ደመናዎች በረጃጅም የጋዝና የአቧራ ክሮች የተሞሉ መሆናቸውን አሳየ። ጋዙ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ክሩ ከአቅሙ በላይ ጋዝ ሲያጠራቅም ስበት ያይላል፤ ክሩም እዚህም እዚያም ይቋጠራል። ከየቋጠሮው ኮከብ ይወለዳል።

ለግዙፍ ኮከብ ግን አንድ ክር አይበቃም። በሰሜን ወሎ ከሀብሩ ወረዳ ተዳፋት የሚወርዱ ጅረቶች ሜዳ ላይ ተገናኝተው ወንዝ እንደሚሆኑ ሁሉ፣ ብዙ ክሮች በሚጋጠሙበት ቦታ ጋዝ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። በቺሊ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው አልማ የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በ2005 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ 11,000 የብርሃን ዓመት ርቆ ባለ ኤስዲሲ335 በተባለ ደመና መጋጠሚያ ላይ፣ ከፀሐይ 500 እጥፍ በላይ የሚከብድ የጋዝ እምብርት ተገኘ። ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ገሚሶቹ ኮከቡ ቀድሞ ከተከማቸ እምብርት ይወለዳል ሲሉ፣ ሌሎቹ እያደገ ከሩቅ ይመገባል ይላሉ።

አልማ ያን ያህል ከፍታ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእነዚህ ክሮች የሚመጣውን ሞገድ በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ይውጠዋል። በላሊበላ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ በመሆኑም ኦሪዮን የተባለውን ኅብረ ከዋክብትም የፍኖተ ሐሊብን እምብርትም ያያል። እርግጥ ነው፣ ተራ የብርሃን ቴሌስኮፕ የክሮቹን ውስጥ አያሳይም፤ ከክሩ የወጡትን ወጣት ከዋክብት ግን ለዓመታት መከታተል ይችላል።

የላሊበላው ቴሌስኮፕ መሰናክል ብዙ ነበር። የእንጦጦ ማዕከል የሚተዳደርበት ተቋም ራሱ በ2014 ዓ.ም. ከጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጋር ተዋህዶ እንደገና ተደራጀ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት መርሳን፣ ወልድያንና ላሊበላን አዳርሷል፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህም የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ቤቱ የፈረሰበትና ልጁ ከትምህርት የቀረበት ሰው ስለ ከዋክብት ሲነገረው ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ሁለት ነገሮች ግን ሰላምንም ሚሊዮን ብርንም አይጠብቁም። አንደኛው፣ አልማ የሰበሰበው መረጃ ከጊዜ በኋላ ለሁሉም ክፍት ስለሚሆን፣ ኢንተርኔት ያገኘ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዛሬውኑ ሊመረምረው ይችላል። ሁለተኛው፣ ለቴሌስኮፕ የሚመረጠው ተራራ ዙሪያ ከመብራት ነፃ ሆኖ እንዲቆይ በደንብ መከለል ነው። ቴሌስኮፕ ዘግይቶም ቢሆን ይገዛል፤ በአምፖል የተወረረን ሰማይ መልሶ ማጨለም ግን በየትም አገር ቀላል አልሆነም።