ኤች አይ ቪን መፍራትና የመመርመር ውሳኔ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 አዲስ አበባ ውስጥ ታወቁ። መድኃኒት ባልነበረባቸው ዓመታት የምርመራ ውጤት እንደ ሞት ፍርድ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የበሽታው መልክ ተለውጧል፤ ፍርሃቱ ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። ከቦሌና ከመገናኛ እስከ ገርጂና ሲኤምሲ በሚገኙ ጤና ጣቢያዎችና ክሊኒኮች የሚሠራ ባለሙያ ይህን ፍርሃት በሁለት ተቃራኒ መልኮች ሊያገኘው ይችላል።

የመጀመሪያው ከምርመራ መሸሽ ነው። ተገልጋዩ ለቫይረሱ የሚያጋልጥ ነገር እንደገጠመው እያወቀ ቀጠሮውን ያራዝማል፤ ጎረቤት እንዳያየው ሲልም በሰፈሩ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በኢትዮጵያ ከተሞች በተካሄደው ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ከተገኘ አዋቂዎች መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል ይህን አያውቁም ነበር። እንዲህ ያለው መዘግየት በሽታን የመከላከል አቅም ከተዳከመ በኋላ ሕክምና ወደ መጀመር ያደርሳል።

ሁለተኛው ምርመራን መደጋገም ነው። ተገልጋዩ የተጋለጠው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ወይም ከነአካቴው አልተጋለጠም። ውጤቱ ነጌቲቭ ሲባል ለጥቂት ቀናት ይረጋጋል፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ተሳስቶ ይሆን በሚል ጥርጣሬ ወደ ሌላ ክሊኒክ ያመራል። ሥጋቱ ራሱ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ያልበዋል፤ ልቡን ያስመታዋል፤ ክብደቱንም ይቀንሳል። እርሱም እነዚህን ምልክቶች የቫይረሱ ማስረጃ አድርጎ ይወስዳቸዋል። አንገቱን ደጋግሞ በመነካካቱ የሚሰማው ሕመም እንኳ ዕጢ ያበጠ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ምርመራ ለአጭር ጊዜ እፎይታ ስለሚሰጥ አእምሮው እፎይታን ከምርመራ ብቻ መጠበቅን ይለምዳል።

ለሁለቱም መፍትሔው የሚጀምረው ከምክር ክፍሉ ነው። ባለሙያው አስቀድሞ የተጋላጭነቱን ዓይነትና ቀን ይጠይቅ። ከባድ ተጋላጭነት ከደረሰ 72 ሰዓት ካልሞላ ለ28 ቀናት የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ሊታሰብ ይገባል። የአደጋውን መጠን በቁጥር ማስረዳትም ይጠቅማል። ሕክምና ካልጀመረ ቫይረሱ ካለበት ወንድ ጋር አንድ ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ያደረገች ሴት የመያዝ ዕድሏ በግምት ከ10,000 ስምንት ነው። ቫይረሱ ባለበት ደም በተበከለ መርፌ መወጋት ደግሞ ከ10,000 ወደ 23 ይደርሳል። አብሮ ከአንድ ትሪ መብላትና መጨባበጥ ቫይረሱን አያስተላልፉም።

ቀጥሎ የመጨረሻው ምርመራ ቀን በስምምነት ይወሰን። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ቫይረሱን የሚያመለክተው ከተጋላጭነት በኋላ ባሉት ከ23 እስከ 90 ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ መከላከያ መድኃኒት ያልወሰደ ሰው ከ90 ቀናት በኋላ ነጌቲቭ ከሆነ ጉዳዩ የተዘጋ መሆኑ ከምርመራው በፊት ይነገረው። የመጀመሪያው መመርመሪያ ፖዘቲቭ ቢያሳይም በብሔራዊው ቅደም ተከተል መሠረት በሌሎች መመርመሪያዎች እስኪረጋገጥ ድረስ ውጤት ተብሎ አይነገርም። ለሚሸሸው ሰው ደግሞ ሚስጥሩ እንደሚጠበቅለት፣ መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን ከመለኪያው በታች የሆነ ሰውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ ይገለጽለት።

የመጨረሻ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ አዲስ ተጋላጭነት ሳይኖር ሌላ ምርመራ ማዘዝ ሥጋቱን ይመግበዋል። «ምንም የለብህም» ብሎ ማሰናበትም አይበቃም፤ ሥጋቱ ራሱ ሕክምና የሚሻ ሕመም መሆኑ በአክብሮት ሊነገር ይገባል። ከፍርሃቱ በስተጀርባ ከትዳር ውጭ በተደረገ ግንኙነት ምክንያት የመጣ ጸጸት ሊኖር ይችላል፤ ለእርሱ የደም ምርመራ መልስ አይሆንም። ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩም ይጠየቅ። ሥጋቱ ስድስት ወር ካለፈውና ሥራንና ትዳርን ካወከ፣ አስተሳሰብንና ባሕርይን በመለወጥ ላይ ያተኮረው የሥነ ልቦና ሕክምና እንዲሁም የድብርት መድኃኒቶች ይረዳሉ። በምሥራቅ አዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምና ከሚሰጡ ተቋማት አንዱ ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል ነው። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተደረጉት ምርመራዎች ከነቀናቸው ቢጻፉ ተቀባዩ ሐኪም ምርመራውን እንደገና ከመጀመር ይድናል።