ስለ ግላኮማ፤ የቀረውን ብርሃን ስለ መጠበቅ

ስለ ዐይን ሕክምና ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ «የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከሐኪም ሥራ ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ እንደሚቀርብልን እናውቃለን። በእርግጥ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን የሚዛን ተፈሪ ልጆች ነን፤ በቤታችን የደረሰው ጉዳት ካለማወቅ የመጣ ስለ ነበረ፥ ከዚያ ወዲህ ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ለጓደኞቻችን ማካፈል ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

አጎታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ቡና የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡና በተሰጣበት አልጋ እግራቸው ይደናቀፍ፥ በቡናው ጥላ ሥር ሲያልፉም በስተግራ ያለ ቅርንጫፍ ፊታቸውን ይገርፋቸው ጀመር። ሕመም የለባቸውም፤ ዐይናቸው አልቀላም፤ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ከሩቅ ይለያሉ። በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤታቸው የዐይን ሞራ ተገፎላቸው እያዩ ስለ ተመለሱ፥ አጎታችንም «የእኔም ሞራ ነው፤ ይብሰልና እገፈፋለሁ» አሉ። «ጋሼ፥ አሁኑኑ ይታዩ እንጂ» ስንላቸው መልሳቸው «ቡናው ይለቀም፤ ገንዘብ ሲገባ እሄዳለሁ» የሚል ነበር። እንዲህ ሲባል ሁለት የለቀማ ወቅት አለፈ። በመጨረሻ ጅማ ድረስ ሄደው ሲመረመሩ የግራ ዐይናቸው ፈጽሞ ጠፍቶ፥ የቀኙም በመካከሉ ጥቂት ብርሃን ብቻ ቀርቶት ተገኘ። «መቼ ይመለስልኛል?» ብለው ቢጠይቁ ሐኪሙ «አባቴ፥ የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን አብረን እንጠብቃለን» አላቸው።

ይህ ጽሑፍ የዚህችን መልስ ትርጉም ለማስረዳት የቀረበ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

በዐይናችን የፊተኛው ክፍል ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ ዘወትር ይመነጫል፤ በጠርዙ ባለው ማጣሪያ በኩልም ዘወትር ይወጣል። ይህ ፈሳሽ እንባ አይደለም፤ የሚመነጨውም የሚወጣውም በውስጥ ነው። ወደ ማሳ የሚገባ ውኃ መውጫ ቦዩ በደለል ሲደፈን ማሳውን እንደሚያጥለቀልቀው ሁሉ፥ የዐይንም መውጫ ሲጠብ ግፊቱ ከፍ ይላል። በጤናማ ዐይን ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ግፊቱ የሚጎዳው ዐይንን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘውን ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ክሮች አሉት፤ አንድ ጊዜ የሞተ ክር ተመልሶ አይበቅልም። ሆኖም ግፊታቸው በልኩ ሆኖ ሳለ ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎችም ስላሉ፥ ሐኪሙ ግፊቱን ከመለካት ሌላ ነርቩን በመሣሪያ መመልከትና የእይታውን ስፋት መመርመር ይኖርበታል።

ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእይታው ጠርዝ ነው። አንዱ ዐይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን፥ ሕመምተኛው መደናቀፉን የእርጅና ወይም የመንገዱ ጥፋት ያደርገዋል። ነገሩን ሲያውቅ ብዙው አልፏል። ድንገት የሚመጣ ዓይነትም አለ፤ ይኸውም ዐይን ሲቀላ፥ ከባድ ራስ ምታትና ማስመለስ ሲኖር፥ በመብራት ዙሪያም ቀስተ ደመና መሰል ቀለበት ሲታይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ከሞራ የሚለየው

በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በተደረገው ብሔራዊ የዐይን ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዐይነ ሥውር ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህም ግማሽ ያህሉን፥ ማለት 49.9 በመቶውን፥ ያሳወረው የዐይን ሞራ ሲሆን የግላኮማ ድርሻ 5.2 በመቶ ነበር። ቍጥሩ ሲታይ ግላኮማ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሞራ የታወረ ሰው ተገፎ ያያል፤ በግላኮማ የታወረ ግን አያይም። በመላው ዓለምም መመለሻ ለሌለው ዕውርነት ቀዳሚው ምክንያት ግላኮማ ነው።

እንግዲህ «ሞራው ይብሰል» የሚለው የቆየ ልማድ አደገኛነቱ እዚህ ላይ ነው። በተለይም በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ የግላኮማ ዓይነት አለ፤ አመድ የመሰለ ስስ ብናኝ በዐይን ውስጥ እየተጠራቀመ የፈሳሹን መውጫ ይደፍናል። ይህ ብናኝ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ሞራም ይይዘዋል። ስለዚህ ሞራውን ሲጠብቅ ከሞራው ጀርባ ነርቩ ሊያልቅ ይችላል።

በእኛ አገር ሌላም መዘናጊያ አለ። በደቡብ ምዕራቡ ወንዞች ዳር ያለች ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈውን፥ ቆዳንና ዐይንን የሚጎዳውን ኦንኮሰርኪያሲስን ለመከላከል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በከፋና በሸካ፥ ቀጥሎም በሌሎች ወረዳዎች፥ አይቨርሜክቲን የተባለው ኪኒን ለሕዝቡ ታድሏል። ትልቅ ጥቅም ያስገኘ ሥራ ነው። ነገር ግን «የዐይን ኪኒን ውጫለሁ» ብሎ ስለ ግላኮማ መዘናጋት ስሕተት ነው፤ ኪኒኑ ለዚያ በሽታ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ይበልጥ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑና በቤተ ሰባቸው የግላኮማ ሕመምተኛ ያለባቸው ናቸው። የሕመምተኛው ወንድሞች፥ እኅቶችና ልጆች ሳይውሉ ሳያድሩ መመርመር አለባቸው። ወጣቶችንም የሚነካ ጉዳይ አለ፤ ለሚያሳክክ ዐይን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ጠብታ ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግሥ ይወደዳል። ለወራት ሲጨመር ግን ግፊቱን ከፍ አድርጎ ሕፃንን እንኳ ሊያሳውር ይችላል።

ሕክምናው

ሦስት መንገዶች አሉ፤ የሦስቱም ዓላማ ግፊቱን ዝቅ ማድረግ ነው።

የመጀመሪያው ጠብታ ነው። ታሪኩ አፍሪቃን ስለሚነካ እናስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1876 ሉድቪግ ላኬር የተባለ፥ ራሱም በግላኮማ ይሠቃይ የነበረ የዐይን ሐኪም፥ ከምዕራብ አፍሪቃው የካላባር ባቄላ የወጣውን ፊዞስቲግሚን ለዚህ ሕመም መድኀኒት እንዲሆን አቀረበ። ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት ቲሞሎልና ላታኖፕሮስት ናቸው። ቲሞሎል አስም ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ አስም ያለበት አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ላታኖፕሮስት በቀን አንድ ጊዜ፥ በማታ የሚጨመር ነው፤ ያልተከፈተው ብልቃጥ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ለስድስት ሳምንት ያገለግላል። በቴፒ ሙቀት ውስጥ ይህን ማሰብ ይገባል። ጠብታ ሲጨመር አንዲት ጠብታ ትበቃለች፤ ከዚያ ዐይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዐይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት መጫን ነው። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘም በመካከላቸው አምስት ደቂቃ ይጠበቅ።

የጠብታ ችግሩ ዕድሜ ልክ መሆኑ ነው። አጎታችን በአንድ ክረምት ብልቃጡ አለቀባቸው፤ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ደግሞም «ብጨምረውም ለውጥ አላየሁበትም» ብለው ሁለት ወር ተዉት። እውነት ነው፥ ለውጥ አይታይበትም። የጠብታው ሥራ ለውጥ ማምጣት ሳይሆን ለውጥ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። ይህን ያስረዳቸው ሰው ስላልነበረ ከቀራቸው ብርሃን ጥቂቱ በዚያ ክረምት ሄደ።

ሁለተኛው መንገድ የሌዘር ብርሃን ነው። የዐይኑን ማጣሪያ በብርሃን በመንካት ፈሳሹ በደንብ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ሥራው የደቂቃዎች ነው፤ ሕመምተኛውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት በሌዘር ከጀመሩት ዐይኖች 74 በመቶ ያህሉ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ጠብታ ግፊታቸው በተፈለገው ልክ መቆየቱን አሳይቷል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በታንዛኒያ በሞሺ ከተማ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ነው። በዚያ ከአንድ ዓመት በኋላ ሌዘር በ61 በመቶ፥ ቲሞሎል ደግሞ በ31 በመቶ ዐይኖች ተሳክተው ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ የሌዘር ኃይል ከጊዜ ጋር ስለሚቀንስ ክትትሉ አይቋረጥም፤ መሣሪያውም በየሆስፒታሉ አይገኝም።

ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ኬርንስ የተባለ ሐኪም ባስተዋወቀው ዘዴ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፈትለታል። ግፊቱን በጣም ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ጠባሳ መውጫውን መልሶ ሊዘጋው፥ ሞራ ሊያፋጥን፥ ኢንፌክሽንም ሊገባ ስለሚችል ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ መታየት ግድ ነው። ከዓመታት በኋላም ቢሆን የተቀደደው ዐይን ቢቀላና ቢያም ማደር የለበትም።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? መልሱ የሐኪሙ ነው፤ ነገር ግን ሐኪሙ የማያውቀውን እኛ እናውቃለን። ከሚዛን እስከ ጅማ፥ የደቡብ ምዕራቡ ዋና የዐይን ሕክምና ወዳለበት፥ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገንዘብ የሚገባው በለቀማ ወራት ነው። በክረምት መድኀኒት ቤቱ ሩቅ ነው። ሕመምተኛው ይህን ሁሉ ሳይሸሽግና ሳያፍር «ጠብታውን በየወሩ ማግኘት አልችልም፤ ሌዘር ወይም ቀዶ ሕክምና ይሆነኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። አጎታችን ይህን ጥያቄ የጠየቁት ዘግይተው ነው፤ ሆኖም ጠየቁ፤ የቀኝ ዐይናቸው ተቀደደ፤ ግፊቱም ወረደ።

ከሕመሙ ጋር ስለ መኖር

ቡና ለምንጠጣ ሕዝቦች ደስ የማያሰኝ ነገር እንዳናወራ እንጂ፥ ካፌይን የዐይንን ግፊት ለጊዜው በጥቂቱ ከፍ እንደሚያደርግ ታውቋል። ይህ ማለት ስኒ ይከልከል ማለት አይደለም፤ አቦል፥ ቶናና በረካን በላይ በላዩ መጨመርን ግን ሐኪምን ማማከር ይገባል። ወደ ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛም ጠብታውን ይዞ ይሂድ፤ ሁለቱን የሚያጣላቸው የለም።

በቤትም ማድረግ የሚቻል ብዙ ነገር አለ። ለአጎታችን ከቤት እስከ ቡናው ያለውን መንገድ ጠረግን፤ በፊታቸው ትይዩ የሚወርዱትን ቅርንጫፎች ቆረጥን፤ ገጀራና መጥረቢያ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እንዲቀመጥ አደረግን። ዛሬ አጎታችን የገዛ ቡናቸውን ይለቅማሉ፤ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ይለያሉ። የእኛን ፊት የሚያዩት ግን ፊት ለፊታቸው ስንቆም ብቻ ነው፤ በጎን ስንቀርብ «ማን ነህ?» ይላሉ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ያልፈሰሰውን መጠበቅ ግን በእጃችን ነው። ለዕረፍት ወደ የቤታችን ስንመለስ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን አንድ ዐይናቸውን ሸፍነው በሌላው እንዲያዩ እንጠይቃቸው። ጉድለት ካለ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም፤ ጉድለት ባይገኝም ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ ምርመራው አይቅር፤ በቤት የሚደረግ ሙከራ የሐኪምን መሣሪያ አይተካምና። «ቡናው ይለቀም» ለሚል ሁሉ የምንሰጠው መልስም ይኸው ነው፤ ቡናው በየዓመቱ ያፈራል፤ የዐይን ነርቭ ግን ሁለተኛ አይበቅልም።